አማካሪውን ማን ይቀጣዋል?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ሜልቦርን ውስጥ በተሰየመ የምርመራ ችሎት አንድ የስልክ ንግግር ቅጂ ተሰማ። አንዲት ሴት ወደ ጡረታ ፈንድ ደውላ ስለ ሂሳቧ ትጠይቃለች። የሰጠችው ስም የሂሳቡ ባለቤት ስም ነው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው። የደወለችው የአንድ የፋይናንስ አማካሪ ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ደንበኛዋን መስላ የደወለችውም አንዴ ብቻ አልነበረም።

ስሟን የወሰዱባት ሴት የአውስትራሊያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዳኝነት አካል ኮሚሽነር ነበረች። ሰነድ መመርመር የዕለት ሥራዋ ነበር። አማካሪው ደግሞ በቴሌቪዥን ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚመክር፣ ፊቱ የታወቀ ሰው ነበር። ጡረታዋን ካለበት የመንግሥት ፈንድ አውጥታ በራሷ ስም ወደሚቋቋም ሌላ ፈንድ እንድታዛውር መከራት። ምክሩን ተከትላ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ታጣ ነበር። የተረፈችው ጉዳቱን ራሷ አጣርታ ስለደረሰችበት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሴትዮዋ አቤቱታዋን ለአገሪቱ የፋይናንስ ዕቅድ አማካሪዎች ማኅበር አቀረበች። ማኅበሩ ሲኤፍፒ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሙያ ማዕረግ በአውስትራሊያ የሚሰጥ፣ የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብ ያለው፣ አባላቱ የሚታመኑ መሆናቸውን ለሕዝብ የሚያስተዋውቅ ተቋም ነበር። ችሎቱ ሲሰየም አቤቱታው ዓመት አልፎት ውሳኔ አላገኘም ነበር። ለችሎቱ የቀረቡት ደብዳቤዎችም ማኅበሩና አባሉ ቅጣቱ ምን ይሁን፣ ስሙስ ይፋ ይውጣ ወይስ ይቅር እያሉ ሲጻጻፉ እንደነበር አሳዩ። ተበዳይዋ ደጅ ትጠናለች፤ ከሳሽና ዳኛ መሆን የነበረበት ማኅበር ከተከሳሹ ጋር ይደራደራል።

የገንዘብ አማካሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ በየአገሩ ተጽፏል፤ አብዛኛውም መልካም ደንብ ነው። ችግሩ አጥፊውን ፈልጎ የሚያገኝ፣ ሲያገኝም ስሙን ለሕዝብ የሚናገር አካል አለመኖሩ ነው። በአባላቱ መዋጮ የሚተዳደር ማኅበር ይህን ሥራ በሙሉ ልብ ሲሠራው ማየት ብርቅ ነው።

የሲኤፍፒ ማዕረግ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1969 በቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ 13 ሰዎች ተሰብስበው መከሩ። በዚያ ዘመን ለቤተሰብ ስለ ገንዘብ የሚመክረው ወይ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው፣ ወይ የአክሲዮን ደላላ። ሁለቱም የሚኖሩት ከሸጡት ዕቃ በሚያገኙት ኮሚሽን ነው። የሰውን ገቢና ዕዳ፣ ቤቱንና የልጆቹን ትምህርት፣ ጡረታውንና ውርሱን በአንድ ዓይን አይቶ የሚመክር ሙያ ይኑር የሚለው ሐሳብ ከዚያ ስብሰባ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ባለማዕረጎች በ1973 ተመረቁ። በ1985 ማዕረጉን የሚሰጥና የሚነጥቅ ራሱን የቻለ ቦርድ ተቋቋመ፤ ዛሬ መቀመጫው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በአሜሪካ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ፣ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ማዕረጉን ይዘዋል።

ማዕረጉን ማግኘት ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪና የተለየ የኮርስ ሥልጠና ይጠይቃል፤ 170 ጥያቄ ያለው የስድስት ሰዓት ፈተና አለው፤ በተለመደው መንገድ የ6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ የ30 ሰዓት ትምህርት ይወሰዳል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ሰዓት ስለ ሥነ ምግባር ነው። የተማሩት ሰዎች ችሎታ ላይ ጥያቄ የለኝም።

የደንቡ ልብ የአደራ ግዴታ የሚባለው ነው። አማካሪው የደንበኛውን ጥቅም ከራሱና ከቀጣሪው ጥቅም ማስቀደም አለበት። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ግልጽ ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታየው ግን ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዲት እናት ሥራ ስትለቅ ከ401ኬ የጡረታ ቁጠባዋ 100 ሺህ ዶላር ይዛ መጣች እንበል። አማካሪው ፊት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገንዘቡን ወጪው አነስተኛ በሆነ ፈንድ ማስቀመጥ ነው፤ ከዚህ አማካሪው የሚያገኘው ጥቂት ነው። ሁለተኛው የኢንሹራንስ ኩባንያ የሚሸጠው አኑዩቲ ነው፤ ኮሚሽኑ ስድስት በመቶ ቢሆን በአንድ ፊርማ 6,000 ዶላር አማካሪው ኪስ ይገባል፤ እናቲቱ ደግሞ ለዓመታት ገንዘቧን ያለ ቅጣት ማውጣት አትችልም። አኑዩቲ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ቋሚ ገቢ ለሚያስፈልገው ሰው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥያቄው አማካሪው የመረጠው ለእሷ ነው ወይስ ለ6,000 ዶላሩ የሚለው ነው። መልሱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ነው ደንብና ቅጣት ያስፈለገው።

ለረጅም ጊዜ የአሜሪካው ቦርድ ይህን ግዴታ የጣለው ሙሉ የፋይናንስ ዕቅድ ለሚያዘጋጅ አማካሪ ብቻ ነበር። በ2018 የጸደቀው፣ ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ግን ማንኛውም የፋይናንስ ምክር በተሰጠ ጊዜ ሁሉ ግዴታው እንዲሠራ አደረገ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ደንቡን የቀረጹት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ ደንቡ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ወር ሲቀረው የወጣው ዜና ነው።

በሐምሌ 2019 መጨረሻ ዎል ስትሪት ጆርናል አንድ ምርመራ አሳተመ። ጋዜጠኞቹ የሠሩት ሥራ ምስጢር የሚያስቆፍር አልነበረም። ቦርዱ ሕዝቡ አማካሪ እንዲመርጥበት ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ የተዘረዘሩትን 72 ሺህ ስሞች ወሰዱ፤ ከዚያ ማንም ሰው በነፃ ከሚያየው የደላሎች መዝገብ ጋር አመሳከሩ። ከ6,300 በላይ የሚሆኑት በመዝገቡ ላይ የደንበኛ አቤቱታ፣ የተቆጣጣሪ ቅጣት ወይም የወንጀል ክስ ነበረባቸው። ከ5,000 የሚበልጡት ደንበኞቻቸው መደበኛ አቤቱታ ያቀረቡባቸው ናቸው። ቢያንስ 140ዎቹ በከባድ ወንጀል ተከስሰው ያውቃሉ። የቦርዱ ድረ ገጽ ግን የብዙዎቹን ጉዳይ ሳያነሳ ንጹሕ አድርጎ ያቀርባቸው ነበር።

አቤቱታ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ የተከሰሰም ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። ይሁንና ቦርዱ ስለ አባላቱ የሚያውቀው በአመዛኙ አባላቱ ራሳቸው የነገሩትን ነበር። ደንቡ አንድ ባለማዕረግ ቢከሰስ ወይም በተቆጣጣሪ ቢቀጣ በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ እንዲያሳውቅ ያዛል። ያላሳወቀ ሰው መኖሩን ለማጣራት ደግሞ መዝገቡን መክፈት ያስፈልጋል። መዝገቡ በነፃ ክፍት ሆኖ ሳለ በየጊዜው ገልጦ የሚያይ አልነበረም። ከ2011 ጀምሮ በየአባሉ ዓመታዊ ክፍያ ላይ 145 ዶላር ጨምሮ ማዕረጉን በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ሲያስተዋውቅ የኖረ ተቋም ይህን ቀላል ሥራ አለመሥራቱ ነው የሚያሳዝነው። ማስታወቂያውን አምኖ የመጣው ሰው መዝገቡን ሳያይ ገንዘቡን አስረክቧል።

ቦርዱ ከውጭ የተውጣጣ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ሰብሳቢዋ የቴክሳስ የሴኩሪቲስ ኮሚሽነር የነበሩት ዴኒዝ ቮይት ክሮፎርድ ናቸው። ግብረ ኃይሉ በታኅሣሥ 2019 ባወጣው ሪፖርት ችግሩ የአንድ ጊዜ ስሕተት ሳይሆን በተቋሙ አስተዳደር ውስጥ ለዓመታት የቆየ ድክመት መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ አማካሪ ገጽ ላይ ወደ መንግሥትና ወደ ደላሎች መዝገብ የሚወስድ አገናኝ ተጨመረ፤ ቦርዱም አባላቱን በራሱ ማጣራት ጀመረ። ጋዜጣው ባይጽፍ ይህ መቼ ይደረግ እንደነበር መናገር ይከብዳል።

አሁን አንድ አቤቱታ ወደ ዋሽንግተን ሲደርስ የሚሆነው እንዲህ ነው። የቦርዱ ባለሙያዎች ይመረምራሉ፤ አማካሪው መልስ እንዲሰጥ 30 ቀን ይሰጠዋል። በቂ ምክንያት ከተገኘ ክስ ይጻፋል፤ ጉዳዩን የዲሲፕሊንና የሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ቢያንስ ሦስት አባላት ባሉት ችሎት ያያል። ብዙዎቹ ዳኞች የሙያው ሰዎች ናቸው። ጥፋት ከተገኘ አራት ዓይነት ቅጣት አለ፤ ሕዝብ የማያየው ተግሣጽ፣ በይፋ የሚታተም ተግሣጽ፣ ለተወሰነ ጊዜ እገዳ፣ በመጨረሻም ማዕረጉን መንጠቅ። የመጀመሪያውን ቅጣት አልቀበለውም። ደንበኛ የጎዳ አማካሪ በምስጢር ተገሥጾ ነገ ለሌላ ደንበኛ ያንኑ ማዕረግ ሲያሳይ፣ የተሸፈነው የማኅበሩ ስም ነው፤ የተጋለጠው ሕዝቡ ነው።

ቦርዱ ጥርስ የለውም ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በኅዳር 2012 የራሱ ሊቀመንበር ከሁለት የዲሲፕሊን ኮሚሽን አባላት ጋር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ምክንያቱም ከደንበኛ ክፍያ ሌላ ኮሚሽን አንቀበልም ያሉበት አገላለጽ ጥያቄ ስላስነሳ ነው። በማግሥቱ ዓመት ሊቀመንበሩ ይፋ የሆነ ተግሣጽ ደረሳቸው። በዚያው ጊዜ ፍሎሪዳ ውስጥ የሚሠሩ ባልና ሚስት አማካሪዎች በተመሳሳይ ጉዳይ ቦርዱ በይፋ ሊገሥጻቸው ሲወስን በ2013 ፍርድ ቤት ከሰሱት። ኮሚሽን አንቀበልም ይሉ ነበር፤ ነገር ግን ኮሚሽን የሚያስገባ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበራቸው። ቦርዱ በ2015 ረታ፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2016 አጸናለት። አንዲት የተግሣጽ ደብዳቤ ለማተም ሦስት ዓመት መሟገት ግድ ሆነ። ባለ ገንዘብ አማካሪ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ማኅበሩም ከዚያ ወዲህ ማንን እንደሚነካ ሁለቴ ያስባል። የሜልቦርኑ ድርድር ከዚህ ፍርሃት ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው የቦርዱን ሥልጣን ወሰን ነው። ቦርዱ የግል ተቋም ነው። ምስክር አስገድዶ አያቀርብም፤ የባንክ ሰነድ በትዕዛዝ አያስወጣም፤ የጠፋውን ገንዘብም ለተበዳይ አያስመልስም። ማዕረጉን የተነጠቀ ሰው ከክፍለ ሀገሩ ወይም ከፌዴራል መንግሥት ያገኘው ፈቃድ ካልተነካ በማግሥቱ ቢሮውን ከፍቶ መሥራት ይችላል። ከስሙ ላይ የሚወርደው ሦስት ፊደል ብቻ ነው።

ይህ ነገር የእኛን ሰው የሚመለከተው እንዴት ነው? ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉት ኢትዮጵያውያን ከመጡ ሠላሳና አርባ ዓመት የሆናቸው ብዙ ናቸው። ታክሲ ነድተው፣ ፓርኪንግ ጠብቀው፣ በነርስነት ሌሊት አድረው የሠሩ አባቶችና እናቶች አሁን ለጡረታ ደርሰዋል። በእጃቸው ያለው 401ኬ፣ ቤትና ትንሽ ቁጠባ ነው። ምክሩም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ከለቅሶ ቤት በሚታወቅ ሰው በኩል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ በአንዱ ሳሎን ቡና ተፈልቶ ወጣቱ ወረቀቱን ይዘረጋል። «እትዬ፣ ይኼ ሕይወትዎን ሙሉ የሚጠቅም ነው፤ ለራሴም እናት የገዛሁላት እሱን ነው» ይላል። እትዬም «አንተ ልጄ ነህ፣ እኔ ምኑን አውቄው፣ የት ጋ ልፈርም?» ይላሉ። ወጣቱ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ኩባንያው ያሠለጠነው በዚያ መንገድ ነው። እትዬ ግን ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ አይጠይቁም፤ መጠየቅ አለመታመን ይመስላቸዋል። እሱም ካልተጠየቀ አይናገርም።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። በነሐሴ 2020 የአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን በሜሪላንድ ሦስት ሰዎችን ከሰሰ። እንደ ክሱ ከሆነ ከ1,200 ያህል ሰዎች 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበዋል፤ ያነጣጠሩትም በአፍሪካውያን ስደተኞች ላይ ነበር። ፈቃድ ያላቸው የንግድ ባለሙያዎች ነን ይሉ ነበር፤ ሃይማኖትን መግቢያ አድርገው ነበር፤ ለቀደሙት የሚከፈለው ከኋለኞቹ ገንዘብ ነበር። እንዲህ ባለው ጉዳይ የማዕረጉ ቦርድ ምንም ማድረግ አይችልም፤ የሥነ ምግባር ደንቡ የሚይዘው ማዕረጉን የያዘውን ሰው ብቻ ነውና። ፈቃድ አለኝ የሚልን ሰው ፈቃዱ በእርግጥ መኖሩን የማጣራቱ ሥራ ወደ ደንበኛው ይመለሳል።

አውስትራሊያ ከሜልቦርኑ ችሎት በኋላ ጉዳዩን ለማኅበራት አልተወችውም። በዚያው ችሎት ብዙ ሌላ ጉድ ወጥቶ ነበር። ትልልቆቹ ባንኮች ላልሰጡት አገልግሎት ክፍያ ሲቆርጡ ኖረዋል፤ ከአማካሪዎቻቸው አንዱ ደንበኛው መሞቱን እያወቀ ከአሥር ዓመት በላይ የምክር ክፍያ ተቀብሏል። ምርመራውን የመሩት የቀድሞው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ኬኔት ሄይን በየካቲት 2019 ይፋ በሆነው ሪፖርታቸው 76 ምክረ ሐሳቦች አቀረቡ። ከነዚህ አንዱ እያንዳንዱ አማካሪ በስሙ እንዲመዘገብና አንድ ማዕከላዊ የዲሲፕሊን አካል እንዲቋቋም የሚል ነበር። ከ2020 ጀምሮ የሥነ ምግባር ደንቡ የሕግ ግዴታ ሆነ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ተቆጣጣሪው ሥር ያለ ፓነል አማካሪዎችን ይዳኛል። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ 28 ሺህ ገደማ የነበሩት አማካሪዎች በጥቂት ዓመታት ወደ 16 ሺህ ወረዱ፤ ምክር ተወደደ፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው አማካሪ ማግኘት ቸገረው። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ብሪታንያም ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በኢንቨስትመንት ምክር ላይ ኮሚሽንን ስትከለክል ተመሳሳይ ቅሬታ ተሰምቶ ነበር። ያም ሆኖ፣ ለእኔ፣ የሚደራደረው ማኅበር ከሚመለስ ምክሩ ይወደድ።

አገር ቤትም ጥያቄው ደጃፍ ላይ ደርሷል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ባለሥልጣኑ ነው፤ ይህ ቅጣቱን ለግል ቦርድ ከመተው የተሻለ መነሻ ነው። ከወዲሁ መጠየቅ ያለበት ግን አንድ ነገር አለ። ፈቃድ የተሰጣቸው ብቻ ሳይሆኑ የተቀጡትም አማካሪዎች ስምና ጥፋታቸው ማንም በስልኩ ከፍቶ በሚያነበው መዝገብ፣ በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ይውጣ። ዛሬ አማካሪዎቹ ጥቂት ሳሉ ቀላል ነው፤ በርክተው ማኅበር ሲያቋቁሙና ጠበቃ ሲይዙ ይከብዳል።

አሜሪካ ላለው አንባቢ ግን መዝገቡ ዛሬም ክፍት ነው። ከመፈረምዎ በፊት የአማካሪውን ሙሉ ስም ብሮከርቼክ በተባለው የደላሎች ተቆጣጣሪው የፊንራ መዝገብና በሴኩሪቲስ ኮሚሽኑ የአማካሪዎች መዝገብ ላይ ይፈልጉ፤ ሁለቱም ክፍያ የላቸውም፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎት ልጅዎ ያንብብልዎት። ሲኤፍፒ ነኝ ካለ የቦርዱንም ገጽ ይመልከቱ፤ እንደ 2019ኙ እንዳይሆን ግን በእሱ ብቻ አይብቃዎት። ከዚያ ሰውየውን ፊት ለፊት «በዚህ ላይ ለአንተ የሚከፈልህ ስንት ነው? ከማን ነው የሚከፈልህ? ለእኔ የአደራ ግዴታ እንዳለብህ በጽሑፍ ትሰጠኛለህ?» ብለው ይጠይቁ። ያገር ልጅ ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ቢሆንም ይጠይቁ። ቅን አማካሪ ጥያቄውን ይወደዋል። ተበድለው ከሆነም ዝም አይበሉ፤ ለቦርዱም፣ ለፊንራም፣ ለክፍለ ሀገርዎ ተቆጣጣሪም አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ፤ ያቀረቡትም አቤቱታ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰው በመዝገቡ ላይ ሊነበብ ይችላል።